«ብርድ ልብስሽን ጭኜልሻለሁ»

በእሷ ሥራ ሰው የሚፈራው ገደል፣ ደራሽ ጎርፍና የተበላ ጎማ ነው እንጂ ፊደል አይደለም። አንዲት «ሽ» ቤት ታፈርሳለች ብሎ የነገራት ሰው ቢኖር፣ ከት ብላ ስቃ ካርታዋን ማጠፏን ትቀጥል ነበር።

የመኪና አከራዩ ልጅ ናት። አባቷ መኪና የሚያከራዩት «ሹፌር አልፈልግም፣ ራሴ ነድቼ አገር ልይ» ለሚል ደንበኛ ነው። እሷ ደግሞ ደንበኛውን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ ካርታ ዘርግታ፣ የት ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ የት እንደሚያድር፣ የትኛውን ድልድይ እንዳያምን ትነግረዋለች። በዚህ የተነሳ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ስሟን ትቶ «አቅጣጫ» ይላታል። የሰውን ሁሉ መንገድ አውቃ የራሷ የሚጠፋባት አቅጣጫ፣ ግን እሱን ኋላ እንደርስበታለን።

አባቷ ዓይናቸውን ያጡት በስኳር በሽታ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጠዋት መጥተው ቢሮው መስኮት አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ግቢ ውስጥ ሞተር ሲነሳ ጆሯቸውን ቀና አድርገው «ያቺ መኪና ካንዴላ ይቀየርላት» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። ስልክ ሲደወል ስፒከር ላይ ይደረግላቸዋል፤ የቤታቸው ነገር እንዳያመልጣቸው ይፈልጋሉ። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ደረጃውን የሚወርዱት የሜካኒኩን ክንድ ይዘው ነው።

ሜካኒኩን ጓደኞቹ በመኪና ማንሻው ስም «ክሪክ» ይሉታል፤ ጋራዡ ውስጥ የከበደ ነገር ሁሉ የሚነሳው በእሱ ትከሻ ስለሆነ። እዚያ ቤት የገባው በጎሚስታነት ነው። ጎማ እየነቀለ፣ እየለጠፈ፣ ቀስ እያለ ሞተር ውስጥ ገባ፤ ከሞተር ደግሞ፣ ማንም ሳያየው፣ የባለቤቱ ልጅ ልብ ውስጥ ገባ። አባቷ «ልጄ» ይሉታል። ይህን ሲሉ ግን አማች ማለታቸው አልነበረም።

ሁለቱ የተዋደዱት ካለፈው ክረምት በፊት ነው፤ ምስጢራቸውን የተሸከመው ግን የክሪክ ምላስ ብቻ ነበር። በሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ «ቁልፉን አስቀምጬልዎታለሁ»፣ «መኪናዋ ዝግጁ ናት፣ ይዩዋት» እያለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ለብቻቸው ሲሆኑ «አንቺ» ነው። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ምላሱ እንደ ማርሽ ነው፤ በር ሲከፈት አንዱን አውጥቶ ሌላውን ያስገባል። እሷ በዚህ ትስቅበት ነበር።

ሁለቱም ዓይናቸውን ግን ማዘዝ አልቻሉም። አባቷ መሐል ላይ ተቀምጠው ስለ ዘይት ሲጠይቁ፣ ሁለቱ በእሳቸው ራስ ላይ አሻግረው ይተያያሉ። ቁልፍ ሲሰጣትና ስትቀበለው ጣቶቻቸው ቁልፏ ላይ ይቆያሉ። አንድ ቀንማ አባቷ ስለ ባትሪ ሲናገሩ ከፊታቸው ቆመው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰምተዋል። ማንንም የጎዱ አልመሰላቸውም።

እንግዲህ የሸለቆው ጉዞ መጣ።

ደጋው ጫፍ ላይ፣ መንገድ ከሚያልቅበትም አልፎ፣ መሬቱ ድንገት ተከፍሎ ወደ ታች የሚወርድበት ገደል አለ። መኪና ከላይ ይቆማል፤ ሰው በእግሩ ይወርዳል፤ ከታች ወንዙ ዳር ድንኳን ተክሎ አድሮ ተመልሶ ይወጣል። ደንበኞች ይጠይቃሉ፤ አባቷ «መኪናዬን ለገደል አላከራይም» ይሉ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ለዘብ አሉ። «መጀመሪያ የራሳችን ሰው ይየው» አሉ። የራሳችን ሰው ማለት መንገዱን ለማጥናት እሷ፣ መኪናውን ለመጠበቅ ክሪክ፣ ሁለቱን ለመጠበቅ ደግሞ አክስቷ ማለት ነው። አክስትየው ጉልበታቸውን እያሹ «ገደል ለመውረድ ነው የምትወስዱኝ ወይስ ለመቀበር?» ቢሉም ሻንጣቸውን ከማንም ቀድመው ያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ።

ለሁለቱ ግን ጉዞው ሌላ ነበር። ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ ማንም በማይሰማበት ቦታ ቁጭ ብለው ነገሩን ለአባቷ እንዴት እንደሚነግሩ ሊመክሩ ነው። «ስንመለስ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» ብሏል ክሪክ። «ክንዴን ይዘው ደረጃ ሲወርዱ አይደለም፤ ተቀምጠው፣ ተረጋግተው፣ እንደ ሰው እነግራቸዋለሁ።» እሷም በዚያ ተስፋ ካርታ ስትስል፣ የውሃ ጉድጓድና የነዳጅ ማደያ ስታጣራ ከረመች።

ሊሄዱ ዋዜማ፣ ከምሳ በፊት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ካርታውን ዘርግታለች፤ አባቷ ወጣት ሆነው የነዱትን መንገድ ከልባቸው ያወጡላታል።

«ከድልድዩ በኋላ ሁለት መንገድ ታገኛለሽ። ቀኙ ሰፊ ነው፤ እንዳትሸወጂ፣ ጭቃ ነው። ግራውን ያዢ።»

«ግራውን» አለች፤ በአንድ እጇ ካርታውን ይዛ በሌላው ፕላስተር እየለጠፈች።

ሞባይሏ ጮኸ። እጇ ተይዟል። አባቷ «አንሺው እንጂ» አሉ። እሷም እንደ ልማዷ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ፣ በአውራ ጣቷ ስፒከሩን ነካችው።

«ብርድ ልብስሽን ጭኜልሻለሁ» አለ የክሪክ ድምፅ፤ ክፍሉን ሞላው። «ወፍራሙን። እዚያ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል አሉ፤ አንቺ ደግሞ እጅሽ ቶሎ ይቀዘቅዛል።»

ፕላስተሩ ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

«ትሰሚኛለሽ?» አለ ድምፁ፤ ደስታው ገና ከላዩ አልወረደም።

«በኋላ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው። ካርታው ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ወደቀ፤ ልታነሳውም አላሰበች።

ከጋራዡ መዶሻ ይሰማል፤ አንድ ሰው የታጠፈ ቸርኬ እያቀና ነው።

«ልጄ ነው አይደል?» አሉ አባቷ።

«አዎ አባባ። ክሪክ ነው። ዕቃ እየጫነ ነው።»

«ሰማሁት። ጭኜልሻለሁ አለ።»

«ምላስ ይስታል እኮ አባባ፤ ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ምላስማ ስቶ ‹እርስዎ› ይላል፤ ‹አንቺ› የሚለው ለምዶ ነው።» ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ፤ ትክክል እሷ ወዳለችበት። «እጅሽ እንደሚቀዘቅዝ በምን አወቀ?»

እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች፤ ከማን እንደደበቀቻቸው ግን ራሷም አላወቀችም።

«እዚህ ክፍል ውስጥ» አሉ፤ ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «እኔ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እጁን ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። የሚያይ የለም፤ የመሰከረ የለም። «አይ አባባ፣ እንዴት ይሆናል!» ብትላቸው ምናልባት ያምኗት ነበር። ማመናቸው ነው ያስፈራት። ለማያይ ሰው ደግማ ጨለማ መጨመር አልሆነላትም።

«አዎ» አለች።

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠየቁት የዘይት መጠን የተነገራቸው ያህል።

«ዓይኔ የጠፋ ጊዜ አላለቀስኩም። ለምን ብትዪ፣ ሁለታችሁ ነበራችሁኝ። አንቺ ታነቢልኛለሽ፤ እሱ ይመራኛል። ያየሁ ያህል ነበር እኮ የኖርኩት።»

«ልንነግርህ ነበር አባባ! ከጉዞው ስንመለስ ልንነግርህ ነበር፤ በእግዜር ይዤሃለሁ እመነኝ።»

«እስከዚያ ስትስቁብኝ ልትቆዩ።»

«አልሳቅንብህም!»

አንድ ቀን ስቀው ነበር። የሳቁት በእሳቸው አልነበረም፤ በራሳቸው፣ በድፍረታቸው፣ በደስታቸው ነበር። ግን ይህ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

«ድሀ ነው ብዬ የምከለክልሽ መሰለሽ?» አሉ። «ምናልባት እከለክልሽ ነበር። እንደ አባት ተቆጥቼ፣ እንደ አባት እታረቅ ነበር። አሁን የምቆጣበትም አቅም የለኝ። ማንን ልቆጣ? የት እንደቆማችሁ እንኳ የማውቀው ስትነግሩኝ ነው።» ከዚያ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። «ጥሪው።»

ክሪክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። ፊቷን ሲያይ ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። ማንም የነገረው የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክና የወደቀውን ካርታ አይቶ ሁሉንም ተረዳ።

«አቤት ጋሼ።»

«እሷን ለብቻችሁ ስትሆኑ እንዴት እንደምታናግራት መስማት እፈልጋለሁ» አሉ አባቷ። «እኔ የለሁም በል። አናግራት።»

እሷ ወዲያው ዓይኑን ፈለገች። በለኝ አለችው በዓይኗ። አንዴ፣ እዚህ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ «አንቺ» በለኝና የሚሆነው ይሁን። ያቺ ቃል በአባቷ ፊት ከአፉ ብትወጣ ሁሉም ነገር እውነት ይሆናል፤ ቢያባርሯቸውም አብረው ይባረራሉ።

ክሪክ አያት። የሚያያት እንደ ወትሮው በአባቷ ራስ ላይ አሻግሮ ነበር፤ ይህን ሲያውቅ ዓይኑን ሰብሮ መሬቱን አየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «መንገዱን እኔ ብቻዬን አጥንቼው እመጣለሁ። እርስዎ ከጋሼ ጋር ይሁኑ።»

አባቷ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ ማንንም ክንድ ሳይጠይቁ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሁለቱም ሊረዷቸው ተንቀሳቅሰው ሁለቱም ባሉበት ቆሙ። እሷ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ለሰው የማትጠቅም ሆና አታውቅም።

ጋራዡ ውስጥ ስትደርስበት ከተጫነው መኪና ላይ የእሷን ቦርሳ እያወረደ ነበር።

«ካድከኝ» አለችው።

«ይቅርታ ያድር—»

«ማንም የለም እኮ! ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተዋል፣ አባባ ላይ ነው። አንቺ በለኝ!»

ቦርሳውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ፤ የሚሰበር ነገር የያዘ ይመስል። «አልቻልኩም» አለ። «ያቺን ቃል ልል እሞክራለሁ፤ አልወጣም አለችኝ። ጋሼ ክንዴን ይዘው ደረጃ ሲወርዱ እግራቸውን እንዴት እንደሚያነሱ አይተው ያውቃሉ? ሳይፈሩ ነው የሚያነሱት። ደረጃው እንዳለ ስለነገርኳቸው ብቻ። እኔ በዚያው እጄ...» አልጨረሰውም።

«ለእኔም እኮ አባቴ ነው! እኔም እኮ አለቅሳለሁ! ግን ‹እርስዎ› ብለህ ከበር ውጭ አታስቀምጠኝ።»

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ አለመቆጣቱ ነው የከፋት። «አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ሁለት ምላስ ነበረኝ፤ የሰውና የእኛ። እርስዎ ግን አንድ ነው ያለዎት። በጋሼም ፊት፣ በደንበኛም ፊት፣ ለብቻችንም፣ ‹አንተ› ነው የሚሉኝ። ‹አንተ ና›፣ ‹አንተ ጎማ ቀይር›፣ ‹አንተ ውድዬ›። እኔ የትኛው የሠራተኛው እንደሆነ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። ማታ ጋደም ብዬ አስባለሁ፤ ዛሬ የጠራችኝ የቱ ነው እላለሁ።»

«የምወደውን ሰው ነው አንተ የምለው! አባባንም እኮ አንተ ነው የምለው!»

«ዘበኛውንም አንተ ነው የሚሉት።»

ዘበኛው በአባቷ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ «በሩን ክፈተው እንጂ፣ ተኝተሃል?» ብላቸው አልፋለች። ሲደብቁ የኖሩት ሁለቱ መስሏት ነበር። የደበቀው እሱ ብቻ ነው። እሷ አንድም ቀን ምላሷን እንድትለውጥ አልተገደደችም፤ ፍቅሯ ከአለቃነቷ ጋር በአንድ ቃል ውስጥ ተኝቶ፣ ያልተመቸው ሰው መኖሩን ሳታውቅ፣ ተመችቷት ኖራለች። ይህን ለመረዳት ክሪክን ማጣት ነበረባት እንዴ?

«አላወቅኩም ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት።

«አውቃለሁ» አለ። «እንዳላወቁ አውቃለሁ።»

የመኪናውን የኋላ በር ዘጋ፤ በጥፊ የመታት ያህል ደነገጠች። ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ እጇ መሐል ላይ ቆመ። ያ ቀዝቃዛ እጅ ምን መብት ቀረው?

ክሪክ በማግስቱ ብቻውን ሄደ። አክስትየው ሻንጣቸውን እየፈቱ «ተመስገን፣ ጉልበቴ ዳነልኝ» አሉ፤ ከዚያ የእሷን ፊት አይተው ልብሳቸውን ማውጣት ቀጠሉ። አባቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ቀድሞው ታነብላቸዋለች፤ እንደ ቀድሞው «እግዜር ይስጥልኝ» ይሏታል። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሲሆን «እዚያ ነሽ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ቀድሞ ጠይቀው አያውቁም። «አለሁ አባባ» ትላለች።

«መሄድ ትችያለሽ» አሏት አንድ ጊዜ። «ሌላ መኪና አለ። ብትደርሺበት አልከለክልሽም፤ ከልቤ ነው።»

ከልባቸው መሆኑን አወቀች። ለዚህ ነው ያልሄደችው። ቢከለክሏት ሰብራ ትሄድ ነበር፤ በሩን ከፍተው ሲሰጧት ግን ማን ይመራቸዋል ብላ ቆመች። የሰዉን ሁሉ መንገድ የምታውቀው አቅጣጫ በሩ ተከፍቶላት መውጣት አቃታት።

ስልኩ የደወለው ክሪክ በሄደ በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ ነው፤ የቢሮው ስልክ። ስፒከሩን ነካች። ንፋስ ቀድሞ ገባ፤ ከዚያ የእሱ ድምፅ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ገደሉ ጫፍ ላይ ነኝ። ከዚህ በታች ስልክ አይሠራም፤ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነው የምደውለው።»

«ድልድዩስ?» አሉ አባቷ።

«ይይዛል። ከድልድዩ በኋላ ግራውን ነው የያዝኩት፤ ደረቅ ነው። መውረጃው አንድ ቦታ ላይ ተንዷል፤ ሰው ግን በጎን ያልፋል። አሁን ልወርድ ነው። ወንዙ ዳር አድሬ እወጣለሁ።»

«ፍሬኑ?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

ሁሉም ተነገረ። ማንም ግን ስልኩን አልዘጋም። ንፋሱ ብቻ ያወራል።

«ለእሳቸው ይንገሩልኝ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ካርታው ልክ ነው።»

እሳቸው! እሷ እዚያው ጠረጴዛው ጋ ቆማ፣ ትንፋሽዋን ውጣ፣ እንደ ሌላ ሰው፣ እንደ ሩቅ ሰው ተወራላት። እንባዋ መጣ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ልትለው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ካወረደው ቦርሳ ጀምሮ ስታዘጋጀው ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እሰማዎታለሁ» አለችው።

አባቷ ቀና አሉ።

«ምን... ምን አሉኝ?» አለ ክሪክ።

«እሰማዎታለሁ አልኩ። ሲወርዱ ይጠንቀቁ፤ የተናደው ቦታ ላይ አይቸኩሉ። ሲመለሱ እዚሁ ነኝ።»

በአባቷ ፊት፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ የቤቱን ሜካኒክ «እርስዎ» አለችው። ወደ ላይ ልታወጣው ነበር ሐሳቧ፤ ከዘበኛው፣ ከሠራተኛው፣ ከሁሉም ለይታ ልታከብረው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው። ይኼው ቃል የባዕድ ቃል ነው፤ የደንበኛ ቃል ነው፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚነጋገርበት። ያቀፈችው መስሏት ገፍታው ይሆን? መልሳ ልትውጠው ፈለገች፤ አይዋጥም። አባቷ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እጇን ፈለጉ፤ ግን እጃቸው ሳያገኘው ስልኩ አጠገብ ቆመ።

«አመሰግናለሁ» አለ ክሪክ።

ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

አመሰግናለሁ። «አመሰግንሻለሁ» አላለም፤ «አመሰግንዎታለሁ»ም አላለም። ራቁቱን፣ ለማንም ሳይሰጥ፣ «አመሰግናለሁ» ብቻ። እሷ ስልኩ ላይ እንደጎነበሰች ቀረች፤ ቃሉን በሐሳቧ እያገላበጠች፣ አንዲት ፊደል፣ አንዲት የእሷ የሆነች ፊደል ውስጡ ተደብቃ እንደሆነ ፈለገች። አላገኘችም። አለመኖሯንም ማመን አልቻለችም።